ለፋፊዋ ያነበበችው ረቂቅ ሕግ

«ማን ያነብለታል?»

«እኔ።»

«አንቺ? ገና የራስሽን ፊደል ሳትለዪ?»

«የማላውቀው ላይ ስደርስ ከራሴ እጨምርለታለሁ።»

ይህን ንግግር የሰማው ልጅ ሳለ ነው፤ ከመጋረጃ ወዲህ፣ ተኝቷል ተብሎ። ጠያቂዋ እናቱ ትሁን አክስቱ ዛሬ በትክክል አያስታውስም፤ ሁለቱም ሲናገሩ ግማሹ ድምፅ አፍንጫቸው ውስጥ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ የተሰማው ሣቅ ይሁን ልቅሶም እርግጠኛ አይደለም። የመላሿን ድምፅ ግን አይስተውም። ታላቅ እህቱ ነበረች። እንዳለችውም ይኸው ፀጉሯ እስኪሸብት ታነብለታለች፤ ከራሷ መጨመሩንም አልተወችም።

ሰውየው የስልክ ኦፕሬተር ነው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሚደወለውን ሁሉ ወደሚፈለግበት ክፍል ያስተላልፋል። ክፍሏ መስኮት እንደሌላት የነገሩት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ስለሆነ ጉዳዩ ብዙም አላሳሰበውም። ደዋዩ አፉን ሳይከፍት ገና በትንፋሹ የት ክፍል እንደሚፈልግ ያውቃል። ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚደውል ያቃስታል፤ ወደ ሒሳብ ክፍል የሚደውል ደግሞ የባሰ ያቃስታል።

እህትየው ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአውቶቡስ ተራ ለፋፊ ነበረች። ከመስታወት ጀርባ፣ ከማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚሄድ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ የማን ሻንጣ እንደተገኘ ስትለፍፍ ኖራ፣ መጠሪያዋም ለፋፊዋ ሆኖ ቀረ። ጡረታ በወጣች ማግሥት ድምፅዋ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ድምፅ ደግሞ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም፤ ባሏን ለምሳ ስትጠራው ጎረቤቱ ሁሉ እጁን ይታጠብ ነበር። መላ ያመጣው ባልየው ነው። «ለወንድምሽ የምታነቢውን በስልክ ቅጂና ለጓደኞቹም ይዳረስ፤ እኛም ትንሽ እንረፍ» አላት።

ጓደኞቹ ማለት የአድማጮች ማኅበር ናቸው። ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ዓይነ ስውራን ሲሆኑ፣ የማኅበሩ ሥራ መጽሐፍ ማዳመጥና በሰሙት መጨቃጨቅ ነው። ለፋፊዋ የምትቀዳው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ ነበር። ኮቶቹ ማስተጋባቱን ይውጡታል ብላ በሩን ከውስጥ ትዘጋና፣ በአንድ እጇ ባትሪ፣ በአንድ እጇ መጽሐፍ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታነባለች። ባሏ ካፖርቱን የፈለገ እንደሆነ ምዕራፉ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

አነባበቧ የአውቶቡስ ተራ አነባበብ ነበር። «ወደ ምዕራፍ አራት የምትሄዱ ተዘጋጁ። ባልየው መመለሱን ሚስትየዋ አላወቀችም፤ እሱን ይዛችሁ ግቡ።» የፍቅር ቦታ ላይ ስትደርስ ደግሞ፣ «እዚህ ጋ ይሳሳማሉ። የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እንለፍ» ትላለች። አድማጮቹ ይህን ለምደውታል፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ መጽሐፉን የሚመዝኑት ስንት ጊዜ «እንለፍ» እንዳለች እየቆጠሩ ነው።

የማያውቁት ነገር ግን ነበር። በእሷ ንባብ ሰው አይሞትም። በጠና የታመመው ይሻለዋል፤ ለሰመጠው ዋናተኛ ይደርስለታል፤ የተሰቀለው ገመዱ ይበጠስለታል። በሥራዋም እንዲያ ነበረች። አውቶቡስ ሲሰረዝ «ተሰርዟል» ማለት አይሆንላትም። ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና፣ ቃሉን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው እያለሰለሰች፣ «ትንሽ ይዘገያል» ትላለች። ተሳፋሪው ትንሹን ሲጠብቅ ይመሽበታል። ወንድምየው ያንን ድምፅ ለብቻው ስም አውጥቶለት ነበር፦ የተሰረዘ አውቶቡስ ድምፅ። በንባቧ መሀል በሰማው ቁጥር አንድ ሰው መሞቱን ያውቃል፤ ለነፍሱ አንዲት ቃል ጸሎት ያደርሳል፤ ለሌሎቹ ግን አይናገርም። በመጽሐፍ ውስጥ የሞተ ሰው ቢድን ማን ይጎዳል ብሎ።

ነገሩ እንዲህ በሰላም ሲኖር ሳለ የዲጂታል ቅጂ መብት ረቂቅ ሕግ መጣ።

ሬዲዮው እንዳወራው፣ ማንም ሰው መጽሐፍን ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዝ ወደ ድምፅ ቢለውጥ፣ በስልክ ቢያስቀምጥ፣ ለሌላ ቢያስተላልፍ ይታሰራል። የተቆለፈ ፋይል የከፈተም ይታሰራል። እስከ ዛሬ የተቀዳው ሁሉ ደግሞ ይደመሰሳል። ለአድማጮች ማኅበር ይህ ማለት ስልካቸው ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት ይጠፋል፣ አንባቢያቸውም ወኅኒ ትወርዳለች ማለት ነው። ለኦፕሬተሩማ ከዚያም ይብስ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቀት ሲያስተላልፍ ይውልና ማታ ጆሮውን የሚያሳርፈው በእህቱ ድምፅ ነው። እሱን ከወሰዱበት ምድር ቤቱ እቤቱ ድረስ ተከትሎት ሊመጣ ነው።

«ፈቃድ ለምን አንጠይቅም?» አለ አንዱ በቅዳሜው ስብሰባ።

«ጠየቅን እኮ» አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር። «የአንደኛው መጽሐፍ ባለቤት ሞቷል፤ ልጆቹ ተጣልተዋል። የሁለተኛው አሳታሚ ተዘግቷል። ሦስተኛው እናስብበታለን ካለን ወዲህ ሁለተኛ ልጄ ተወልዶ ጥርስ አወጣ።»

ይህ ሊቀመንበር አምባሳደሩ ይባላል። ዓይነ ስውር ነው፤ ሙያው ማሸት ነው። የብዙ ባለሥልጣን ጀርባ በእጁ ስላለፈ መንግሥትን በጀርባው በኩል ያውቀዋል፤ ንግግሩም ከደንበኞቹ የተቀዳ ነው። «ማየት የተሳናቸው ብለው ይጠሩናል፤ ራሳቸው ግን መስማት ተስኗቸዋል» አለ። «ቢሆንም በጨዋነት እንሄዳለን። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ጠርቷል። ረቂቁን አንብበን፣ ተወያይተን፣ አስተያየታችንን እናቀርባለን።»

ማንበቡ ላይ ነበር ችግሩ። ረቂቁ በኮሚቴው ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል፤ ግን ተቆልፏል። የሁሉም ስልክ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነገር አለው፤ ፋይሉን ሲያገኝ ግን «ገጽ። ባዶ። ገጽ። ባዶ።» እያለ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ኦፕሬተሩ ስልክ የሱ ሙያ ነውና በማግሥቱ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ደወለ።

«ያልተቆለፈ ቅጂ እንዲላክልን ነበር።»

«አይቻልም» አለች ጸሐፊዋ። «የተቆለፈው ሰው እንዳይቀዳው ነው።»

«ሕጉን?»

«አዎ፣ ሕጉን።»

«እኅቴ፣ ሕጉን ሰው ካልያዘው እንዴት ያከብረዋል?»

ጸሐፊዋ ጥቂት አሰበች። «እሱን አልነገሩኝም» አለችው። ከዚያ አዘነችለት መሰል፣ የታተመ ቅጂ ለሕዝብ ንባብ በዋናው መግቢያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን ጠቆመችው። «ግን መውሰድ አይቻልም፤ በሰንሰለት ታስሯል።»

ለፋፊዋ ይህን ስትሰማ የቤት ጫማዋን ቀይራ ወጣች። ከጥበቃው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የታሰረውን ሕግ በሰንሰለቱ ርዝመት ወደ ራሷ ጎተተች፤ ስልኳን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች። ጥበቃው ሊከለክላት ነበር፤ ነገር ግን ለሕዝብ ንባብ ነው የሚለው ማስታወቂያ ከራሱ በላይ ተለጥፏል። ጉዳይ ሊያስፈጽም የተሰለፈው ሕዝብ ቀስ በቀስ ሰልፉን ትቶ ከበባት።

«አንቀጽ ሁለት፣ ትርጓሜ። "ሥራ" ማለት በዚህ ሕግ ሥራ ተብሎ የተጠራ ሥራ ነው ብለዋል። ገብቷችኋል መቼም፤ እንቀጥል። አንቀጽ አምስት። ይህ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ አላውቅም፤ ውሃ ይዛችሁ ተከተሉኝ። አንቀጽ ዘጠኝ ረጅም ነው፤ ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ አሁን ይሂድ።»

ጥበቃው አንቀጽ አምስትን አስደገማት።

ቅጂው ማታውኑ ለአድማጮች ማኅበር ተላከ። ከዚያ ማን ለማን እንደሰጠው አይታወቅም፤ በሳምንቱ ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ የወሊድ ክፍል ተረኞች ዘንድ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ዓይናቸው ደኅና የሆነ፣ በዕድሜያቸው ረቂቅ ሕግ ማንበብ አምሯቸው የማያውቁ ሰዎች ምሳ ላይ ስለ አንቀጽ ዘጠኝ ይከራከሩ ጀመር።

ለማኅበሩ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አንቀጽ አሥራ አንድ ነበር። «ይህ ክልከላ» ትላለች ለፋፊዋ፣ «ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ተብሎ የሚደረገውን ንባብና ቅጂ አይመለከትም።»

ቅዳሜ ዕለት ክፍሏ በደስታ ሞላች። አምባሳደሩ ተቃውሞውን ወደ ምስጋና ለወጠው። «መድረኩ ላይ ወጥተን እናመሰግናቸዋለን» አለ። «እስከ ዛሬ የመታቸው እንጂ ያመሰገናቸው ሰው የለም፤ ይደነግጣሉ።»

ኦፕሬተሩን ብቻ ደስታው አልያዘውም። አንቀጽ አሥራ አንድን ምድር ቤቱ ውስጥ በጥሪ መሀል ደጋግሞ ሰምቶታል። ከአንቀጽ አሥር ወደ አሥራ አንድ ስትሻገር ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ቃሉ ይለሰልሳል። የተሰረዘ አውቶቡስ ነው።

የመድረኩ ዋዜማ ዕለት ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ። ባልየው ሳሎን በሸሚዝ ተቀምጦ ካፖርቱን ይጠብቃል። ኦፕሬተሩ መኝታ ቤት ገባና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቁም ሣጥኑን አንኳኳ።

«እትዬ።»

«እያነበብኩ ነው።»

«አንቀጽ አሥራ አንድ ምን ይላል?»

ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ማንጠልጠያዎች ሲጋጩ ተሰማ።

«ሰምተኸው የለም እንዴ?»

«ሰምቼዋለሁ። አውቶቡሱ ግን የተሰረዘ መሰለኝ።»

«ምን የሚሉት አውቶቡስ ነው ደግሞ?»

«እትዬ፣ ደብቀሽኝ ታውቂያለሽ? የቱ መጽሐፍ ውስጥ ማን እንደሞተ አንድ በአንድ ልቁጠርልሽ?»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ያ ሁሉ አውቶቡስ ተራ የሚያውቀው አልነበረም። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሳድን ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«ምን ላድርግ፣ ደስ ይልሽ ነበር። አሁን ንገሪኝ። መውጣት ካልፈለግሽ እዚያው ሆነሽ ንገሪኝ።»

«በማናቸውም ምክንያት ይላል» አለች ከኮቶቹ መሀል። «ለማናቸውም ሰው ሲባል የሚደረግ ቢሆንም የተከለከለ ነው ይላል። ቀጥሎም ስለ መደምሰስ ነው።»

«ታዲያ እንደዚያ አታነቢውም?»

«እንዴት ብዬ? ለማናቸውም ሰው ሲል አንተን ማለቱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከብቦኝ፣ አንተ ትዝ አልከኝ፤ አፌ እንቢ አለ። እኔማ እናንተን የረሷችሁ መስሎኝ ነው። ያስታወስኳቸው ነው የመሰለኝ።»

«በልቦለድ አንዲት ሴት ብትድን ማንም አይታሰርም። በዚህ ግን አንቺው ነሽ የምትታሰሪው።»

«ወኅኒ ቤት ማይክሮፎን አላቸው?»

«እትዬ።»

«እሺ፣ እሺ።» በሩ ተከፈተና የብል መድኃኒት ሽታ አብሯት ወጣ። ከጎኑ ተቀመጠች። «ነገ ተነሥተህ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«ሳላስፈቅድሽ አልናገርም። ግን ሰዉ የሌለ ነገር ይዞ እንዳመሰገነ ወደ ቤቱ ከገባ፣ የሚነቃው ስልኩ ባዶ ሲሆን ነው።»

«ካፖርቱ!» አለ ባልየው ከሳሎን።

ለፋፊዋ ካፖርቱን ለባሏ ወርውራ ተመለሰች። መልሷ አጭር ነበር። «ከኋላ ወንበር ነው የምቀመጠው፤ ተናገር ስልህ ትናገራለህ» አለች።

በማግሥቱ ኦፕሬተሩ ከቤት ከመውጣቱ በፊት እንደ ልማዱ ጥቂት ቆሞ ጸለየ። ድል አልለመነም፤ ምላሱ ከልቡ እንዳትቀድም ብቻ ለመነ። አዳራሹ በር ላይ አምባሳደሩን አገኘውና ነገሩን በጆሮው ነገረው።

አምባሳደሩ አልደነገጠም። «ጭራሽ ይሻላል» አለ። «ያልሰጡንን እናመሰግናቸዋለን። ሰው በአደባባይ የተመሰገነበትን ነገር አልሰጠሁም ለማለት ያፍራል።»

«ውሸት ነዋ።»

«ዲፕሎማሲ ነው። ሰብሳቢውን እኔ አሽቼዋለሁ፤ ትከሻው ላይ ያለውን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። ያ ሰው እንቢ ማለት የማይችል ሰው ነው።»

«እኔ ግን ዝም አልልም።»

«አንተ ኦፕሬተር ነህ ወንድሜ፤ ያንተ ሥራ ማገናኘት ነው» አለውና በትሩን እያንኳኳ ወደ ፊት ሄደ።

እንዲህ ያለው መድረክ ከኮሚቴው አባላትና ከጽዳት ሠራተኞች በቀር ሰው አያየውም ነበር። ያን ቀን ግን የብረት ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁሉም የለፋፊዋን ቅጂ የሰማ ነው። ኦፕሬተሩ ከፊት ረድፍ ከማኅበሩ ጋር ተቀመጠ። የሰብሳቢው ድምፅ ለስላሳና ደከም ያለ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ውሃ ይጠጣል። ከጎኑ ረቂቁን ያዘጋጀው የሕግ ባለሙያ ወረቀት ያገላብጣል።

አምባሳደሩ ቀድሞ ተነሣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ የተከበሩት ሁሉ እስኪያልቁ ቆየ። «በአንቀጽ አሥራ አንድ ማየት ለተሳናቸው ስላደረጋችሁት ልዩ አስተያየት ማኅበራችን የላቀ ምስጋናውን ያቀርባል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ውሃውን አስቀመጠ። «ምስጋናችሁን ተቀብለናል» አለ ሞቅ ብሎት። «ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ደክሟል።» አንዲት አባል፣ «እኔም ያነሣሁት ነጥብ ነበር» ብላ ጨመረች። የሕግ ባለሙያው ወረቀት ማገላበጡን አቆመ።

ቀጥሎ አንድ ደራሲ ተነሣ። ወፍራም ድምፅ ያለው፣ የተቆጣ ሰው ነው። «እኔ ሕጉን እደግፋለሁ» አለ። «አንድ መጽሐፍ ስጽፍ ዓመታት ይሄዱብኛል። በወጣ በሳምንቱ የማላውቀው ሰው ስካን አድርጎ ይለጥፈውና ከኔ የበለጠ ይኖርበታል። ሌባ ሌባ ነው፤ ቁልፍ ያስፈልገኛል።»

ያለው እውነት ስለነበር ማንም አልሣቀም። ከማኅበሩ አንዲት አሮጊት ግን አጠገባቸው ወዳለው ድምፅ ዞር አሉ። «የአሣ አጥማጁን ሚስት መጽሐፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ እናቴ።»

«ያቺን ልጅ በማዳንዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐይቁ ውስጥ ስትገባ ነፍሴ ወጥታ ነበር።»

«ማንን ነው ያዳንኩት?»

«ሚስትየዋን ነዋ።»

«ገድያታለሁ እኮ።»

«የት ላይ?»

«መጨረሻው ገጽ ላይ፤ ሁለት ዓመት ያሰብኩበት ሞት ነው።»

በፊት ረድፍ ጉርምርምታ ተነሣ። «ሐኪሙስ?» አለ አንዱ። «ሐኪሙንም ገድያለሁ።» «መንትዮቹ?» «አንደኛውን።» ከኋላ ወንበር ላይ የሆነ ሰው ዝቅ ሲል የብረት ወንበር ተንጣጣ። ደራሲው ግራ ገብቶት፣ «እኔ የቀበርኩትን ማን ነው የሚያስነሣብኝ?» አለ።

አሮጊቷ ግን ሐሳባቸው ቀድሟል። «እንዲህ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንቀጽ አሥራ አንድስ?»

ኦፕሬተሩ ወደ ኋላ ዞሮ ጠበቀ። ከኋላ፣ ከሰው ጫማ መሀል እንደሚወጣ ያለ፣ «ተናገር» የሚል ድምፅ ሰማ። ተነሣ።

«ክቡር ሰብሳቢ» አለ፣ «አንቀጽ አሥራ አንድን ያነብቡልን።»

«አሁን?»

«አሁን። እኛ ወረቀቱ አይነበብልንም፤ ፋይሉም ተቆልፏል። ከአፍዎ እንስማው።»

ሰብሳቢው ውሃ ጠጣ። ወረቀት ገለጠ። ወረቀቱን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ከትንፋሹ ያስታውቅ ነበር፤ ወደ ሒሳብ ክፍል የሚደውል ሰው ትንፋሽ። «አንቀጽ አሥራ አንድ» አለ። «ማንኛውም ሥራ ወደ ሌላ ቅርጽ... በማናቸውም ምክንያት...» ቆመ። ከፊቱ አንድ ረድፍ ሙሉ ነጭ በትር ነበር፤ አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደሱ አዘንብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈዋል። ሰብሳቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለትም... ይህ እንግዲህ... ማየት የተሳናቸውን በተመለከተ ከሆነ፣ ለነሱ የሚደረገው ንባብ እንደማይከለከል ነው የሚታየው።»

ኦፕሬተሩ ሣቁ መጣ፤ ዋጠው። የተሰረዘ አውቶቡስ እንደሆነ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

«ክቡር ሰብሳቢ» አለ የሕግ ባለሙያው ድንግጥ ብሎ፣ «እንደዚያ አይልም።»

«አውቃለሁ» አለ ሰብሳቢው።

«ታዲያ ለምን...»

«አንተ ታነበው ነበር? ፊታቸው ላይ?»

የሕግ ባለሙያው ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ። አዳራሹ ግን መልሱን ሊሰጥ ተነሣ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይናገራል፤ የታክሲ ሹፌር ከፀጉር ቆራጭ ጋር አንቀጽ ይጠቃቀሳል፤ አምባሳደሩ፣ «በጨዋነት፣ በጨዋነት» ይላል። ኦፕሬተሩ ጸጥ እስኪል ቆሞ ጠበቀ። መጠበቅ ሥራው ነው።

«እህቴም እንደርስዎ ነው ያነበበችው» አለ። «ሰዉ የሰማው የሷን ነው። ረቂቁ ላይ ያ ነገር የለም፤ እሷ ናት የጨመረችው። ማታለሏ አይደለም፤ እዚያ ስትደርስ አልሆንላት አለ። አሁን ደግሞ እርስዎ፣ ሰብሳቢው፣ አልሆንልዎ አለ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ሰው ፊት ማንበብ ያቃታችሁን ነገር ሰው ላይ አታውጁት። አሁን ያነበቡትን ይጻፉልን።»

ደራሲው ወንበሩን እያንቋቋ እንደገና ተነሣ። «ሌቦቹን ያዙልኝ ነው ያልኩት» አለ። «እናንተ ግን ወንበዴው በመስኮት ሲገባ በሩ ላይ ዓይነ ስውር ትይዛላችሁ። ለነሱ ይነበብ። የገደልኩትን ግን ገድላ ታንብብልኝ።»

«ሁለቱንም መንትያ?» አለ አንዱ።

«አንዱን ነው ያልኩት።»

ሰብሳቢው ወደ አባላቱ ዞሮ ሲንሾካሾክ ቆየ። ማይክሮፎኑን መዝጋት ስለረሳ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። «ተቀብለናል ብዬ ተመስግኛለሁ እኮ» ይላል። «እንዴት ብዬ ነው የምመልሰው?» ያቺ ነጥቡን እኔ አንሥቼዋለሁ ያለችው አባል ቀድማ እጇን አወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ኮሚቴው አንቀጽ አሥራ አንድን ሰርዞ፣ ሰብሳቢው በቃል ያነበበውን በቦታው ሊያስገባ፣ የረቂቁንም ፋይል ሊከፍት ተስማማ።

የሕግ ባለሙያው ግን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። «በሥነ ሥርዓቱ መሠረት» አለ፣ «የሚሰረዝ አንቀጽ በስብሰባው ፊት እንዳለ ተነብቦ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ነው የሚሰረዘው። ሳይነበብ አይሰረዝም።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ ባለሙያው ገፋው። ባለሙያው አጎንብሶ ጀመረ፤ አፉ ውስጥ እያጉመተመተ ጥቂት ሄደና ሰጠመ። «አይሰማም» አሉ ከኋላ። እንደገና ጀመረ። «አይሰማም» አሉ ግድግዳ የተደገፉት። ከዚያ አንድ ሰው፣ ምናልባት የመግቢያው ጥበቃ፣ «ለፋፊዋ ታንብበው» አለ። አዳራሹ ተቀበለው።

ለፋፊዋ አልተንቀሳቀሰችም። በዕድሜዋ ሙሉ ለሕዝብ ስትናገር ከመስታወት ጀርባ ወይ ከኮት መሀል ነበረች፤ በመግቢያው ጠረጴዛም ተቀምጣ ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ ነው ያነበበችው፤ ሰው ዓይን ፊት ቆማ አታውቅም። ኦፕሬተሩ በወንበሮቹ መሀል እየዳሰሰ ወደ ኋላ ሄደና እጇን አገኘው።

«ሌላ ሰው ያንብበው» አለችው።

«ሌላው አይሰማም።»

«አንተ ፊት አላነበውም።»

«እኔ ፊት ነው እንጂ። ምን እንደሚል ማታ ከቁም ሣጥን ነግረሽኝ የለ? ሰማሁት፤ ቆሜያለሁ።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ።»

«ለማናቸውም ሰው የሚለውንም?»

«እሱን በተለይ። ካልተሰማ አይሰረዝም።»

ሰብሳቢው ከመድረኩ ላይ፣ «እመቤቴ፣ እባክዎ» አለ፤ ይሄኛውን ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ በቀጥታ አለው። ለፋፊዋ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች፤ የወንድሟን ክንድ ይዛ እስከ ማይክሮፎኑ ሄደች። ወረቀቱን ተቀብላ በዓይኗ አንዴ ወረደችበት፤ መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች።

«አንዲት ቃል አልጨምርም» አለች ለሰብሳቢው። «አልቀንስም። ስጨርስ ግን ተሰርዟል የሚለውን እኔው ነኝ የምናገረው።»

«ይናገሩ።»

«እንግዲያውስ እሺ» አለች፣ «እንዳለ አነበዋለሁ።»